የበቀለው ግድግዳ

የሹሙ ሚስት ማጼሊሶ ግቢው ሲደርሱ የሴልዋኔ ሁለት እጆች እስከ ክርናቸው እበት ውስጥ ነበሩ።

የነሐሴ መጨረሻ ነው። ኮኩ በሙሉ አብቦ፣ ወንዱ ሞፈርና ቀንበሩን እያየ፣ ሴቱ ብርድ የሰነጣጠቀውን ግድግዳ እንደ አዲስ ሊመርግ ወገቡን የታጠቀበት ጊዜ። በባሶቶዎች አገር፣ በሃ ፋኩዌ መንደር ግድግዳ የማታሳምር ሴት የለችም፤ አማትም ምራትም ያደርጉታል። የሴልዋኔ ግን ሌላ ነበር። ቀዩን አፈር ከእበት ጋር አብኩታ በመዳፏ ትመርግና፣ ምርጊቱ ሳይደርቅ በጣቷና በሹካ ትልም ታወጣበታለች። ትልሙ ከበሩ ጥግ ተነስቶ፣ ዞሮ፣ ተጣጥፎ፣ ከሌላ ትልም ጋር ገጥሞ መጨረሻው የት እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል። በላዩ ላይ የማሽላ ዘር፣ የዱባ ፍሬ፣ ከወንዝ የተለቀመ ነጭ ጠጠር ትደረድርበታለች። ከሩቅ ሲያዩት የታረሰ ማሳ ነው፤ የሞቱት ቀደምቶችም ከላይ ሆነው ሲያዩት ማሳ መስሏቸው ዝናብ እንዲልኩ ነው ነገሩ። ዝናቡ መጥቶ የወር ሥራዋን በአንድ ከሰዓት ሲያጥብባት ሌላው ያዝንላታል፤ እሷ ግን "ተቀበሉኝ ማለት ነው" ብላ ለከርሞ ሌላ ታስባለች። እንዲህ ያለች ሴት በቀላሉ አይከፋትም ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል።

"አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ታጠቢና ነይ" አሉ ማጼሊሶ፣ ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ። "ደስ የሚል ነገር ይዤልሽ መጥቻለሁ።"

"እንዴት አደሩ እማማ? ምነው በሰላም?"

"ሰላም ነው፣ ምን ሆንን ብለሽ! ልጄ ጥጆቹን ለቀቀ፣ አልሰማሽም?"

ሰምታለች። ከማንም በፊት የሰማችው እሷ ናት።

ከሁለት ወር በፊት የሹሙ ልጅ ጼሊሶ ከማዕድን ሥራው ፈቃድ ወስዶ በመጣ ጊዜ፣ አንድ ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ በረት ገባና ጥጆቹን አንድ ሳያስቀር ለየእናቶቻቸው ለቀቃቸው። አላቢው ሲመጣ ጡቱ ሁሉ ባዶ ነው። ያን ቀን በሹሙ ቤት ወተት የቀመሰ አልነበረም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ባሶቶ የለም፤ ወንድ ልጅ "ሚስት ፈልጉልኝ" ብሎ አባቱን ፊት ለፊት አይናገርም፣ ጥጃ ለቅቆ ነው የሚናገረው። አባት የተቆጣ መስሎ ይጮሃል፣ ዞር ብሎ ይስቃል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይልካል። ጼሊሶ የዚያኑ ዕለት ወንዝ ዳር አግኝቷት፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ "አባቴ ጭኑን መትቶ ሳቀ! ገብቶታል!" ብሏት ነበር። ፈቃዱ አልቆ ወደ ወርቁ ጉድጓድ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ደብዳቤ መጣ።

"ሴልዋኔ ሆይ፣ እዚህ ከመሬት በታች ስንወርድ ከራሴ በላይ ያለውን አፈር አስባለሁ። ይህ ሁሉ አፈር ዝም ብሎ ተኝቷል፣ እሷ ግን ከዚህ ውስጥ አንድ እፍኝ ብታገኝ ስንት ነገር ታደርግበት ነበር እላለሁ። አዲስ ቤት እያሠሩልኝ መሆኑን ሰምቻለሁ። መስከረም ሲጋመስ አስፈቅጄ እመጣለሁ። ነገሩ አልቋል፣ አትስጊ።"

ደብዳቤውን ደረቷ ውስጥ ስለምትይዘው ወረቀቱ ሳስቶ ጨርቅ መስሏል። አሁንም እዚያው ነው።

"ሰምቻለሁ እማማ" አለች አንገቷን ደፍታ። ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች።

"እንግዲያው አዲሱን ቤት የምታሳምሪው አንቺ ነሽ። እኔ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ የልጅቷ ወገኖች ይመጣሉ። ግድግዳውን ሲያዩ አፋቸውን እንዲይዙ ነው የምፈልገው። የማፌቴንግ ከተማ ሰዎች እኮ ናቸው፣ የሲሚንቶ ቤት የለመዱ!"

"የ... ማፌቴንግ?"

"ቴቤሎ ትባላለች። የባለሱቁ ልጅ። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ያለውን ትልቁን ሱቅ ታውቂው የለ? አባቷና ባለቤቴ አብሮ አደጎች ናቸው። ልጅቷ ደግሞ መልኳ! ጨዋነቷ!"

ሴልዋኔ እጇን እየታጠበች ነበር። ውሃው ቀልቶ በጣቶቿ መሃል ሲወርድ ታየዋለች።

"ጼሊሶስ... ያውቃል?"

"ኧረ አንቺ ልጅ! እሱ አይደል እንዴ ጥጃ የለቀቀው!" ብለው ማጼሊሶ ከት ብለው ሳቁ።

ነገሩ አልቋል፣ አትስጊ። ለማን ነው ያለቀው? የሹም ልጅና የጠላ ሻጭ ልጅ። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቷ ነጭ ባንዲራ ባወጣች ቁጥር፣ ጠላ ደርሷል ማለት ነውና፣ ጼሊሶ ፈቃድ ላይ ከሆነ ከጠጪዎቹ ጋር መጥቶ በሩ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። አንዲት ጣሳ ይዞ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያያታል። እሷም እያየችው እንዳልሆነ ሆና ታየዋለች። ከእናቷ በቀር ማንም አያውቅም። ታዲያ ማንም ካላወቀ ማን ይመሰክርላታል? "አልችልም፣ አሞኛል" ብትል ሰው ሁሉ ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ከምትናገር ደግሞ ምድር ብትውጣት ይሻላታል።

"እሺ እማማ" አለች። "አሳምሬ እሠራዋለሁ።"

ማጼሊሶ ጉንጯን ስመዋት ሄዱ። ሴልዋኔ የቆመችበት ቀረች። ንዴትም አልመጣላትም፣ እንባም አልመጣላትም።

*

የዚያኑ ዕለት ደብዳቤ ጻፈች። ሦስት ጊዜ ቀደደችና በአራተኛው አጭር አደረገችው።

"ጼሊሶ፣ ቤትህን እኔው በገዛ እጄ እያሳመርኩልህ ነው። በመንደሩ እንደሱ ያለ ግድግዳ ታይቶ አይታወቅም። ሙሽራህን ደስ ይበላት። ሴልዋኔ።"

እያንዳንዷን ቃል እንደ እሾህ ሹል አድርጋ ነው የጻፈቻት። ያንብበውና ይውጋው ብላ በማግስቱ ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጠችው። መልስ አልመጣም።

ሥራውን ስትጀምር፣ እውነቱን ለመናገር፣ አበላሽታ ልትሠራው አስባ ነበር። እጇ ግን እምቢ አላት። የመጀመሪያውን ምርጊት መርጋ አደረቀች፣ ሁለተኛውን ደረበች፣ ከገደሉ ሥር ነጭ አፈር ቆፍራ አመጣች፣ ከሰል ወቅጣ ጥቁሩን አዘጋጀች። ጠዋት ጠዋት "ለማላውቃት ሴት ነው" እያለች ትነሳለች፤ ረፋድ ላይ ይህን ትረሳና አግዳሚው የት ቢሆን እንደሚሻል፣ ምድጃው በየትኛው ጥግ እንደሚያምር ስታስብ ራሷን ታገኘዋለች። ያን ጊዜ ሹካውን አስቀምጣ አፈሩ ላይ ትቀመጣለች። መንገድ የሚያልፉ ሴቶች ደግሞ "ሙሽራዋ የታደለች!" እያሉ በቁስሏ ላይ ጨው ይነሰንሱባታል።

የመጨረሻው ሥራ ዘሩን መደርደር ነበር። ግድግዳ ላይ የሚገባ ዘር ይቆላል። ካልተቆላ እርጥብ ምርጊት ውስጥ ይበቅላል፤ ይህን የአምስት ዓመት ልጅም ያውቀዋል። ሴልዋኔ ቀዩን ማሽላ ቆልታ፣ በሳፋ አድርጋ፣ እናቷ ጠላ ከምትጠምቅበት ጎጆ ጥግ አስቀመጠችው። በማግስቱ ንጋት ላይ ስትነሳ ዓይኗ አብጦ መከፈት አቅቶት ነበር። ሙሽራዋን የሚቀበሉት ሴቶች ዘፈን መለማመድ ጀምረዋል፤ የጼሊሶን ስም ከቴቤሎ ስም ጋር እያጣመሩ ሲያዜሙ ማታ ሰምታ ነበር። ዓይኗ በእንባ እንደተሸፈነ ጎጆው ገብታ ሳፋውን አነሳችና ሄደች። ቀኑን ሙሉ፣ ፀሐይ በሚያገኘው በሰሜኑ ግድግዳ ላይ፣ በየትልሙ፣ ፍሬ በፍሬ ተከለች። ዘሩ እርጥብ መሆኑን እንኳ ልብ አላለችውም። እጇ በጭቃ የራሰ ሰው ምኑን ያውቀዋል?

ሰኞና ማክሰኞ ካፊያ ጣለ። ከዚያ ፀሐይ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት እናቷ ማካቤሎ ከጎጆው እየተነጫነጨች ወጣች። "ሃያ ዓመት ብቅል ሳበቅል እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም። ስንት ቀን ሙሉ ጆንያ አልብሼው፣ ውሃ እየረጨሁት፣ አንዲት ፍሬ እንኳ አልበቀለችም!" አለችና ጥቂት ፍሬ ዘግና ወደ አፏ ጣለች። ቆረጠመች። ማኘኳን አቆመች።

"ሴልዋኔ" አለች ቀስ ብላ። "ይሄ እኮ ቆሎ ነው።"

እናትና ልጅ ተያዩ።

"የተነከረውን የት አደረግሽው?"

ሴልዋኔ ልትመልስ ስትል ከሹሙ ቤት በኩል ጩኸት ተሰማ። እልልታ ይሁን ኡኡታ አልለየላቸውም።

*

ግድግዳው በቅሏል።

በየትልሙ፣ መስመሩን ሳይስት፣ ጣት የሚያህል አረንጓዴ ቡቃያ ከምርጊቱ ወጥቶ ወደ ፀሐዩ ተዘርግቷል። ቤቱ በቁሙ ማሳ ሆኗል። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ከቧል፤ ሴቱ አፉን ይዟል፣ ወንዱ ባርኔጣውን አውልቋል። ሴልዋኔ በደረሰች ጊዜ፣ ከኀፍረቷና ከድንጋጤዋ በፊት፣ አንድ የማይገባ ነገር አሰበች፤ እንዴት ያምራል አለች በልቧ።

የሹሙ ታላቅ ወንድም ሽማግሌው ሴኮቶ በምርኩዛቸው ግድግዳውን እያመለከቱ ይናገሩ ነበር። "ምን ትጠይቁኛላችሁ? ቀደምቶቹ ተናገሩ እንጂ! ሰው ሊገባበት ያለ ቤት እህል ከበቀለበት፣ ሰው እንዳይገባበት ነው። ይቺን የማፌቴንግ ልጅ አልፈቀዷትም።"

"ምናልባት ምርቃት ቢሆንስ?" አሉ ማጼሊሶ።

"ምርቃት በማሳ ላይ ነው፣ በቤት ላይ ምን ይሠራል?"

ሹም ፋኩዌ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይንጎራደዳሉ። ከዚያ ቆም አሉ። "እንግዲህ ምን ይደረጋል! ዛሬውኑ ፈረስ ጭናችሁ ማፌቴንግ ሂዱ። ቀደምቶቻችን ልጅቷን አልወደዷትም፣ ቅዳሜ አትምጡ በሏቸው።"

የሴልዋኔ ልብ ዘለለ። አንዲት ቃል ሳትናገር፣ እጇን ሳታነሳ፣ ሠርጉ ሊፈርስ ነው። እናቷም ገብቷታል፤ ክንዷን ጨምድዳ ያዘችና በጆሮዋ "ዝም በይ" አለቻት። "ትንፍሽ እንዳትይ። አንቺ አልዋሸሽም፣ እነሱ ናቸው ያሉት።"

እውነት ነው፣ እሷ አልዋሸችም። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ነገር ግን ያቺ ልጅ ታየቻት፤ መልኳን አይታው የማታውቀው ቴቤሎ። ሱቁ ውስጥ ቆማ ፈረሰኞቹ ሲወርዱ ታያለች። "ሙታኑ አልፈለጉሽም" ይሏታል። ከዚያ በኋላ የትኛው ቤት ያስገባታል? በደረሰችበት ሁሉ ይህ ወሬ ቀድሟት ይገባል። ምን አድርጋ? ጥጃ የተለቀቀው ለእሷ ነው ተብላ፣ እሺ ብላ፣ ሌላ ምን አጠፋች?

ሴልዋኔ ክንዷን ከእናቷ እጅ አላቀቀች።

"ንታቴ" አለች፣ እንደ አባት አክብራ ወደ ሹሙ ወጥታ። "ሰው አይላኩ። ቀደምቶቹ ምንም አላሉም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ምን ትላለች ይቺ?"

"የተከልኩት ዘር አልተቆላም። እናቴ ለብቅል የነከረችውን ነው በስህተት ያነሳሁት። ሂዱና እዩት፣ የቆላሁት እናቴ ጎጆ፣ ሳፋ ውስጥ አለ። ልጅቷ ምንም የለችበትም። ግድግዳውን ፍቄ እስከ ቅዳሜ እንደ አዲስ እመርገዋለሁ።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዱ ሳቀ፣ አንዷ "ውይ!" አለች። ማጼሊሶ ግን ጠጋ ብለው ፊቷን አዩት፤ የሴት ዓይን ነው።

"አንቺ እጅሽ አይስትም፣ ልጄ። በልጅነትሽም ስተሽ አታውቂ። ምን ሆነሽ ነው?"

"ዓይኔ አላይ ብሎኝ ነው።"

"ለምን?"

"አልቅሼ ነበር" አለች ሴልዋኔ።

የዚያን ጊዜ ነው ከሕዝቡ ኋላ ያ ድምፅ የተሰማው። "ምን ተገኘ? ማን ሞተ?" ጼሊሶ ነበር። ሻንጣውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ መንገዱን በእግሩ አቋርጦ ነው የመጣው፤ አቧራ ለብሷል። ሰው ሁሉ መንገድ ሰጠው። መጀመሪያ ያየው ግድግዳውን ነው፤ ዓይኑን ማመን አቃተውና ቆመ። ከዚያ ሴልዋኔን አየና ፈገግ አለ። እንዲያ ያለ ደስ ያለው ፈገግታ! ሴልዋኔ እዚያው በጥፊ ብትለው በወደደች።

"ቴቤሎን አልፈቀዷትም ብለው ነበር እኮ" እያለ አንዱ ጠጪ ሽማግሌው ሴኮቶን ይከራከራል።

"ቴቤሎ ደግሞ ማናት?" አለ ጼሊሶ።

ሹም ፋኩዌ ልጃቸውን እንደ እብድ አዩት። "ሚስትህ ናታ! ማን ልትሆን ኖሯል?"

"የኔ?" ሻንጣው ከትከሻው ወረደ። "የኔ ሚስት ሴልዋኔ ናት እኮ! እኔ ጥጆቹን የለቀቅሁት ለሴልዋኔ ነው!"

"ለማን?"

"ለሴልዋኔ!"

"ጥጃ ስም ይናገራል እንዴ አንተ?" ብለው ሹሙ ጮኹ። "ልጅቷን መምረጥ የአባት ነው። ያየሃት ካለች አንድ ሰው ልከህ ሹክ አታስብለኝም?"

"የሚያውቁ መስሎኝ ነዋ! ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ በር ላይ ስቀመጥ ለጠላ መስሎዎት ነው?"

"አዎ ለጠላ!" አሉ ማጼሊሶ ከመሃል። "ልጄ ሰካራም ሆነብኝ ብዬ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ መሰለህ!"

ሰው ሊስቅ ሲል የሹሙን ፊት አይቶ ተወው። ሹም ፋኩዌ ከልጃቸው ወደ ሴልዋኔ፣ ከሴልዋኔ ወደ እናቷ አዩ። ማካቤሎ የጠላ እድፍ ባለበት ሽርጧ ቆማ ነበር፤ አንገቷን አልደፋችም።

"ለባለሱቁ ቃሌን ሰጥቻለሁ" አሉ ሹሙ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ነገ ማፌቴንግ ትሄዳለህ፣ ከኔ ጋር። እዚያ ጥጃ የለም። በአፍህ ነው የምትናገረው።" ይህን ብለው ቤታቸው ገቡ። ይቀበሉ ይሁን ይከልክሉ የሚያውቅ አልነበረም።

*

ጼሊሶ ሴልዋኔን ያገኛት ቀይ አፈር ከምትቆፍርበት ጉድባ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ሙሽራ ቢመጣም ባይመጣም ግድግዳውን እፍቃለሁ ብላለች፤ ቃል ቃል ነው።

"ደብዳቤሽን ሳነብ እኮ በደስታ ልሞት ነበር" አለ ከላይ ቆሞ። "'ሙሽራህን ደስ ይበላት' ብላ በራሷ ትቀልዳለች ብዬ። አብረውኝ ለሚያድሩት ሁሉ አነበብኩላቸው። ግጥም ነው ብለው ግድግዳ ላይ ለጠፉት።"

"ደም አልቅሼ የጻፍኩትን ግድግዳ ላይ ለጠፋችሁት?"

"እንዴት ልወቅ?"

"አታውቅም!" አለች አካፋውን ጥላ። "እኔስ እንዴት ልወቅ? 'ነገሩ አልቋል' ትላለህ። 'አባቴ ገብቶታል' ትላለህ። ለአባትህ ጥጃ ላክህ። ለኔስ ምን ላክህ? ሁለት ዓመት ሙሉ በአፍህ አንድ ቀን 'ላገባሽ እፈልጋለሁ' ብለኸኛል?"

ጼሊሶ አሰበ። ወንዙን አሰበ፣ የበሩን ጥግ አሰበ፣ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አሰበ።

"አላልኩሽም?" አለ በመጨረሻ፣ ፊቱ ተለውጦ።

"አላልከኝም።"

"ዓይኔ ያለሽ መስሎኝ..."

"ዓይንህማ ይላል። ዓይንህ ነው ያሳሳተኝ።" አካፋውን መልሳ አነሳች። "እዚያ ሰው ፊት ስወጣ ምን እንዳጣሁ ታውቃለህ? ዝም ብል ያንተ ነበርኩ። ቢያንስ ቴቤሎ አትኖርም ነበር። ተናገርኩና አንተን በገዛ አፌ ለሌላ ሰጠሁህ ብዬ ነበር።"

ጼሊሶ ወደ ጉድባው ወርዶ ሊጠጋት ፈለገ። በጭቃ እጇ ከለከለችው። "ሂድ፣ መጀመሪያ ያቺን ልጅ ፊት ለፊት አናግራት" አለችው። "ከዚያ የሚቀርህ ነገር ካለ ትነግረኛለህ።" እሱ ሲሄድ ጀርባውን አየችውና፣ ባይመለስስ የሚል ፍርሃት ከእግሯ ጀምሮ ወጣባት።

*

ዓርብ አልተመለሱም። ቅዳሜም እስከ ቀትር ምንም የለም። ማካቤሎ ጠላው ደርሶ ነበርና ነጩን ባንዲራ ሰቀለች፤ ጠጪው ሁሉ ወሬውን ከጠላው ጋር ሊጠጣ ግቢውን ሞላው። ሴልዋኔ ጣሳ እየቀዳች፣ ሰው በሩን ባለፈ ቁጥር ልቧ እየቆመ ትመላለስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጼሊሶ ገባ። እንደ ወትሮው በሩ አጠገብ አልተቀመጠም። ባርኔጣውን አውልቆ በጠጪዎቹ መሃል አልፎ እናቷ ፊት ቆመ። ፊቱ በላብ ርሶ ነበር፤ ሺህ ሜትር ከመሬት በታች የማይፈራ ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይጠመዝዛል።

"እማማ ማካቤሎ" አለ። "ሴልዋኔን እወዳታለሁ። ላገባት እፈልጋለሁ። እሷም እሺ ካለችኝ።"

"ያለ ሽማግሌ?" አለ አንዱ ጠጪ ደንግጦ። "በራሱ አፍ?"

"ዝም በል፣ ይናገር" አለችው ሌላዋ።

ጼሊሶ ወደ ሴልዋኔ ዞረ። "ማፌቴንግ ሄድን። አባቷ ጮኸብኝ፣ መጮህም ይገባው ነበር። ከዚያ ልጅቷ ራሷ ወጣች። 'ሙታን አልፈለጓትም ልባል ነበር የሚባለው እውነት ነው?' አለችኝ። 'እውነት ነው፣ ግን አንዲት ሴት ተነስታ ጥፋቱ የኔ ነው አለች' አልኳት። እሷም 'እንግዲያው እሷን አግባ፣ ሰላም በልልኝ' አለች። ይኸው ሰላም ብላሻለች።" ቀጥሎ የተናገረው ለሷ ብቻ ነበር፣ ግቢው ሁሉ ቢሰማውም። "እወድሻለሁ ሴልዋኔ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እወድሻለሁ። ታገቢኛለሽ?"

እሺ ልትል ስትል በሩ ላይ ሰው ቆመ። ጠጪው ሁሉ እንደ አንድ ሰው ተነሳ። ሹም ፋኩዌ ነበሩ። በዚያ መንደር ሲኖሩ የማካቤሎን ደጅ ረግጠው አያውቁም፤ ለሹም አይሆንም ነበር። ፊታቸው አሁንም አልተፈታም። ግቢውን ዙሪያውን ቃኙ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ጠጪዎቹ ለቀውላቸው ወደ ነበረው አግዳሚ ሄደው ከመሃላቸው ቁጭ አሉ።

"መንገዱ ረጅም ነበር" አሉ ማንንም ሳያዩ። ከዚያ ቀና ብለው ሴልዋኔን አዩዋት። "ያን ቀን ሁላችንም ፊት ቆመሽ ጥፋቱ የኔ ነው ስትይ ሰምቻለሁ። እኔ ሹም ነኝ፤ እንደሱ አድርጌ እውነት የተናገርኩበትን ቀን አላስታውስም።" እጃቸውን ዘረጉ። "ለኔም ቅጂልኝ፣ ምራቴ።"

ሴልዋኔ ለአባትም ለልጅም "እሺ" ብላ ጣሳውን አነሳች። ልትቀዳ ብትሞክር ጠላው እጇ ላይ፣ ቀሚሷ ላይ፣ መሬቱ ላይ ፈሰሰ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በስውር ያለቀሰችው ሴት ግቢ ሙሉ ሰው እያያት፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ እንባዋን ለቀቀችው፤ ከማንም ልትደብቀው አልፈለገችም።